ወጣት ተጫዋች በሁለት ጨዋታ አይመዘን

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

የሊጉ ውድድር በተከፈተ በሁለት ሳምንቱ «ይህ ልጅ አለቀለት፤ ያኛው ግን ወደር የለውም» የሚል ፍርድ ከመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት አንሥቶ እስከ ጎረቤላ ገበያ ይሰማል። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የጌታነህ ከበደን የ25 ጎል ክብረ ወሰን የሰበረው ዓመቱን ሙሉ ተሰልፎ እንጂ በሁለት ጨዋታ አይደለም። ወደ ደቡብ አፍሪካ ከተሻገረ በኋላ ግን ጉዳት አሰናከለው፤ ስለዚህ ውዳሴውም ቢሆን ጊዜ ይሻል።

የአንኮበር ገበሬ በገብሱ ላይ በቡቃያው አይፈርድም። እኛም የመጀመሪያው ዙር እስኪፈጸም ምላሳችንን እንሰብስብ፤ አሠልጣኞችም በጩኸታችን ልጁን ከሜዳ አያውጡት። ዛሬ በስድብ ያባረርነውን ልጅ ነገ ለብሔራዊ ቡድን ብንፈልገው አናገኘውምና።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከጎረቤላ