ከአይዞሽ በፊት ደብተር

የፌስቡክ ሁለተኛ ሰው የነበረችው አሜሪካዊት ሼሪል ሳንድበርግ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሴቶችን ወደ ኋላ ከሚያስቀሩት ነገሮች አንዱ የራሳቸው ማመንታት ነው ብላ ደፍረው ከስብሰባው ጠረጴዛ እንዲቀርቡ መክራለች። መጽሐፉ በብዙ አገር ተቸበቸበ። በእኛም አገር «በራስሽ ተማመኚ» የሚል ምክር ከመጽሐፍም ከመድረክም ይወርዳል። ምክሩን አልንቅም። ነገር ግን የሚጠቅመው ወንበር ተዘጋጅቶላት መቀመጥ የፈራችውን ሴት ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያለችው ልጃገረድ ችግር ከዚያ ይቀድማል።

ማስረጃው እዚያው ጎጃም ውስጥ አለ። በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ፕሮግራሙ «ትልቅ አልሚ» ብሎ በመስበክ አልተወሰነም። ለሚማሩት ደብተርና እስክሪብቶ አቀረበ፤ ትምህርት ቤት ላልገቡት በሴቶች የሚመራ የመማሪያ ቡድን አቋቋመ፤ የአካባቢውን ሰው ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ አወያየ፤ ሳትዳር ለዘለቀች ልጅና ለወላጆቿም ለእርባታ የምትሆን እንስሳ ሸለመ። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው የምርምር ድርጅት ተመራማሪዎች ውጤቱን ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ጋር ሲያስተያዩት፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የማግባት ዕድል ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ፣ የመማር ዕድላቸው ደግሞ ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ላይ ግን ጋብቻው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከፍ ብሎ ታይቷል። ይህን መደበቅ አይገባም። ለእኔ የሚነግረኝ ድጋፉ ከልጅቷ ዕድሜ ጋር አብሮ ማደግ እንዳለበት ነው።

«ልቧ ካልጠነከረ ደብተሩም እንስሳውም ምን ይረባታል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለምሳሌ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር በባልና ሚስት ስም መሰጠት ከጀመረ 20 ዓመት አልፏል፤ ስሟ የሰፈረባት ሴት ሁሉ ግን ሲገፏት ተነሥታ አትከራከርም። ሆኖም ስሟ ያልተጻፈባት ሴት ብትደፍርም የምትከራከርበት ሰነድ የላትም። ሞሰቦ ላይም ድፍረት አልተረሳም፤ ልጆቹ ሐሳባቸውን መናገር የተለማመዱት ከእኩዮቻቸው ጋር በሚገናኙበት በዚያ ቡድን ውስጥ ነው። ቡድኑ ባይኖር የት ይለማመዱት ነበር?

ዛሬ ነገሩ ከብዷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ጎጃምም ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ክፍሏ የተዘጋባትን ልጅ «ትችያለሽ» ማለት ጥፋቱን ወደ እሷ ማዞር ይሆናል። ስለዚህ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የማነቃቂያ መድረክ ለማዘጋጀት የሚያስቡ መሥሪያ ቤቶችና ለጋሾች፣ የአዳራሹን ኪራይና የተናጋሪውን አበል በመጀመሪያ ለደብተር፣ ለመምህርና ለልጃገረዶች ቡድን ያውሉት። ታጣቂዎችና መንግሥትም ትምህርት ቤቶችን ከጦርነቱ ውጭ ያድርጉ።