ችግኙ ከፎቶው በኋላ ማን አለው?

ሐምሌ በመጣ ቁጥር ስልካችን በችግኝ ይሞላል። ጭቃ የነካው እጅ፣ ሴልፊ፣ ከዚያ ላይክ። ክፋት የለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ ቁጥሩ እየጨመረ ሄዶ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ዕቅዱ 700 ሚሊዮን ደርሷል። ቁጥሩ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ ግን አለ። በጥር፣ ዝናቡ ካቆመ ወራት ሲሆነው፣ ያንን ችግኝ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ዳንግላ ላይ ሆኖ ለሚያስብ ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። አዊ ዛፍ መትከል ያውቅበታል። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ዲከረንስን የሚተክለው ካሜራ ስለመጣ አይደለም። የመጀመሪያውን ዓመት ከጤፍ ጋር ያበቅለዋል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ያከስለዋል፤ መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። ልጆቹን ያስተምርበታል፣ ቤቱን በቆርቆሮ ይከድንበታል። ማንም ሳያሳስበው ከብት እንዳይበላው ይጠብቃል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ባለቤት ያለው ዛፍ ይጸድቃል።

ዲከረንስ ሌላም ነገር አስተምሮናል። በቅርብ ዓመታት የመታው በሽታ በእሱ ተስፋ ያደረገውን ቤተሰብ ሁሉ ጎድቷል። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የያዘ አካባቢ አንድ በሽታ ሲመጣ አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ዝግባውም ቦታ ይፈልጋሉ። እንጅባራ እኮ ኮሶበር ስትባል ስሟ ውስጥ ኮሶ አለ። ዛሬ የከተማው ልጅ ኮሶን ዛፉ ላይ አይቶ ይለየዋል ወይ?

እንግዲህ ለበዓል የሚተከለው ችግኝ ባለቤቱ ማን ይሁን? የእኛ መልስ፦ ቤተሰብ።

በውጭው ዓለም ይህን የተፈጥሮ በዓል ከቤተሰብ መዝናኛ ጋር ያገናኙት ቆይተዋል። ፍሎሪዳ ያለው የዲዝኒ አኒማል ኪንግደም ፓርክ እንኳ በሩን የከፈተው በመሬት ቀን፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ልጅ ስለ ዛፍ ስብከት ከሚሰማ ይልቅ ከእናትና አባቱ ጋር ሲጫወት ያየውን ይወዳል። እኛም አገር አንድነት ፓርክ፣ እንጦጦ ፓርክ፣ ጣና ዳር ደግሞ ጎርጎራ አሉ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ አምስት ቤተሰብ ይዞ ከዳንግላ ተነስቶ ለትራንስፖርት፣ ለምግብ፣ ለአልጋ የሚከፍል ስንቱ ነው? መንገዱስ ሁሌ ይታመናል?

ሰላም በሆነ ቀን ዘንገና አለልን። ከዳንግላ እንጅባራ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሐይቁ ቅርብ ነው። በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ ዙሪያውን በደን የተከበበ፣ ዝንጀሮና ወፍ ያለበት ነው። ለልጅ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ከየት ይመጣል? ቆሎና ዳቦ ቋጥሮ መሄድ፣ የውሃ ፕላስቲኩን ደግሞ ይዞ መመለስ ነው።

መንገዱ ባይመችም ችግኙ ሰፈር ውስጥ ይተከላል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ችግኝ፤ አገር በቀል ቢሆን ይመረጣል። በልጁ ስም ይጠራ፣ እሾህ ይታጠርለት፣ በበጋ በጀሪካን ውሃ ይጠጣ። «ግቢው የአከራይ ነው» የምትሉ ብዙ ናችሁ፣ ልክ ናችሁ። ትምህርት ቤት አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አለ፣ የመንገድ ዳር አለ፤ አስፈቅዶ መትከል ይቻላል።

ስልኩንም አንጣለው። ከአንድ ቦታ ቆማችሁ በዓመት አራት ጊዜ አንሱት። ሐምሌ ሲተከል፣ መስከረም አደይ ሲፈነዳ፣ ጥር 23 እና ግንቦት 28። ጥር 23 በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብርበት፣ ቤተሰብ ሁሉ ለብሶ የሚወጣበት ቀን ነው። ችግኝ በጣም ውሃ የሚጠማውም ያን ሰሞን ነው። ፈረሱን ለማየት ስንወጣ ዛፋችንንም አይተን፣ አጠጥተን እንውጣ። ግንቦት 28 የዓለም የአካባቢ ቀን ነው፤ ያን ቀን ልጁ ከዛፉ ጎን ቆሞ ቁመቱን ይለካ። ያኔ ፖስት ይደረግ፤ ያ ላይክ ይገባዋል።

ከከተማ አስተዳደሩና ከትምህርት ቤቶችም የምንጠብቀው ብዙ አይደለም። በሐምሌ ስንት እንደተተከለ ነግራችሁናል፤ በግንቦት ስንቱ እንደጸደቀ ደግሞ ቆጥራችሁ ንገሩን። ቁጥሩ ቢያንስም እንስማው። የሞተውን አውቀን መተካት የምንችለው እሱን ካወቅን ብቻ ነው።

ኑሮው ከብዶ፣ ሐሳቡም በዝቶ ሳለ ስለ ዛፍ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ግን ምድጃችን የሚነደው በእንጨትና በከሰል ነው፤ የምንጠጣው ምንጭ የሚፈልቀው ከተራቆተ ተራራ ሥር አይደለም። የዘንድሮ ልጅ የተከለው ዋንዛ ጥላ የሚሆነው ለራሱ ነው። የሚፈልገው አንድ ቀን የሚያጨበጭብለት ሕዝብ ሳይሆን፣ በበጋ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ነው።