መንገድ ሲሠራ ቅርስ ይጠበቅ

መንገድ የአገር ደም ሥር መሆኑን የሚክድ የለም። ከአዘዞ ተነሥቶ በገንዳ ውሃ በኩል መተማ ዮሐንስ የሚደርሰው መንገድ ባይኖር ኖሮ፣ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ገበሬ ሰሊጡንና ጥጡን ለገበያ ማድረስ፣ በሽተኛውንም ወደ ጎንደር ማውጣት ምን ያህል ይከብደው እንደነበር መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መንገድ አይሠራ ማለት አይደለም። መንገድ በሚጠረግበትና ድልድይ በሚታነጽበት ሥፍራ ሁሉ ከመሐንዲሱ ጎን የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ሊቆም ይገባል ለማለት ነው።

ምናልባት «በዚያ በረሓ ምን ቅርስ አለና ነው?» ትሉ ይሆናል። መተማ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበትን ጦርነት ብቻ ነው። ነገር ግን ተመራማሪዎች በዚያው ቆላ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር ቆፍረው ያገኙትንና እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ያደረጉትን ተመልከቱ። ከ74000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ የኖሩ ሰዎች ወንዙ በበጋ ሲቆራረጥ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ ያጠምዱ፣ የሰጎን ዕንቁላልም ይመገቡ ነበር። ከትናንሽ ባለሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለቶቻቸው በመነሣት በቀስት ያድኑ እንደነበረ ይገመታል። ተመራማሪዎቹ ዘመኑን ለመለየት ከረዷቸው ነገሮች አንዱ፣ ከ6000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው ከሱማትራው የቶባ እሳተ ገሞራ በነፋስ የመጣ፣ በዓይን የማይታይ የመስታወት ብናኝ ነበር።

ይህ ሥፍራ የተገኘው በመንገድ ሥራ ሳይሆን በምርምር ነው። ቢሆንም ድልድይ የሚሠራው በወንዝ ዳር ነው፤ የጥንት ሰውም ይሰፍር የነበረው በወንዝ ዳር ነው። በግብፅ የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች በግድብ ውሃ ሊዋጡ ሲሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1968 ተቆርጠው ወደ ከፍተኛ ቦታ ተዛውረዋል። ግዙፍ ሐውልት ማንም አይቶ ሊታደገው ይችላል። የሽንፋን የመሰለ ቅርስ ግን ጥቂት የድንጋይ ስባሪና የዓሣ አጥንት ነው፤ ትርጉሙም ያለው በተቀመጠበት የአፈር ድርብርብ ውስጥ ነው። ዶዘር አንድ ጊዜ ካገላበጠው፣ ስባሪው ቢለቀምም ታሪኩ አይመለስም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209፣ በመንገድ ሥራ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቅ ደንግጓል። ድንጋጌው መልካም ነው፤ ነገር ግን ያገኘውን ነገር ምንነት ያላወቀ ሰው ምኑን ያሳውቃል? የዶዘር ነጂው በጥርጊያው ላይ የሚያየው ጠጠር እንጂ የቀስት ጫፍ አይደለም። ጥፋቱም የእርሱ አይደለም። የሚያውቅ ዓይን በአጠገቡ ስላልቆመ ነው።

«ይህ ሥራ ያዘገያል፣ ወጪም ያበዛል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ጥናቱ የሚጀመረው መኪናዎቹ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ከሆነ ያዘገያል። መንገዱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ የወንዝ ዳሩና ገረጋንቲ የሚወጣበት ቦታ ቢፈተሽ ግን መስመሩን ጥቂት ማዞር ይቻላል። ቁፋሮው ሲጀመርም ባለሙያው የሚያስቆመው ቅርስ የታየበትን ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላው ሥራ ይቀጥላል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ነገ ከእናንተ መካከል መሐንዲስ፣ ቀያሽና ተቋራጭ የሚሆኑ ይኖራሉ። እስከዚያው ግን በተቆፈረ አፈር ውስጥ እንግዳ ነገር ብታዩ አታንሡት፤ ቦታውን በሚገባ አስተውላችሁ ለመምህራችሁ ወይም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። የፈረሰ መንገድ ተመልሶ ይሠራል፤ የተደመሰሰ ታሪክ ግን ምትክ የለውም።