ጀፎረውን ያስከበረ እጅ ቦዩን ለምን ይተወዋል?

ከቸሃና ከእዣ መንደሮች ቆጮና ቡላ ይዘው ወደ ወልቂጤ ገበያ የሚወርዱ እናቶች ጉዟቸውን የሚጀምሩት ጎሕ ሳይቀድ ነው። ከቤታቸው ደጅ እስከ ጠጠሩ መንገድ ያለውን በእግራቸው፣ ከጠጠሩ መንገድ እስከ አስፋልቱ ያለውን በባጃጅ ወይም በሞተር ብስክሌት፣ የቀረውን በሚኒባስ ይጓዛሉ። ከሦስቱ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ውድ የሆነው መካከለኛው ነው። ባጃጁ የሚሄድበት መንገድ በየክረምቱ ስለሚቆረጥ፣ ባለ ባጃጁ የሚሰበርበትን ዕቃ ዋጋ አስቀድሞ ከተሳፋሪው ላይ ያስባል። በዚህም ምክንያት አንዲት እናት አምስትና ስድስት ዓመት ጠብቃ ቆርጣ፣ ፍቃ፣ ከጉድጓድ አብላልታ ካወጣችው ቆጮ ላይ የምታገኘው ትርፍ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

በቡታጅራ በኩልም ነገሩ ብዙ አይለይም። የማረቆና የመስቃን ገበሬ በርበሬውን በጋሪ ጭኖ ወደ ከተማው ያመጣል። ማረቆ ፋና የተባለው የበርበሬ ዝርያ በአገሪቱ ገበያ ስሙ የታወቀ ነው፤ ስሙ የታወቀ በርበሬ ግን ከጋሪ ላይ ወድቆ ጭቃ ሲነካው ዋጋው እንደ ማንኛውም በርበሬ ይሆናል። ፈረሱ በተቦረቦረ መንገድ ላይ ሲደናቀፍ ማየት በቡታጅራ ዙሪያ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ ችግር በየትም ገጠር ያለ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። የሚያስገርመው ግን በጉራጌ አገር መታየቱ ነው። መንገድን በራሱ ገንዘብና ጉልበት በመሥራት ከአገሪቱ ሕዝብ ሁሉ ቀድሞ ስሙ የሚነሣ ሕዝብ ቢኖር ይህ ነውና።

በ1950ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች፣ ከሊስትሮው እስከ ባለ ሱቁ፣ ከተራ ወታደሩ እስከ መኮንኑ፣ እየተሰበሰቡ መዋጮ ማዋጣት ጀመሩ። ሁለት ማኅበራት ተመሠረቱ። አንደኛው የጉራጌ መንገዶች ሥራ ድርጅት ሲሆን ሐሳቡ በምዕራብ በኩል ያለውን አገር ከወልቂጤ ጋር ማገናኘት ነበር። ሁለተኛው የዓለም ገና ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበር ነበር፤ የእርሱ መንገድ በመልካ ቁንጡሬ፣ በጢያና በቡኢ አድርጎ ቡታጅራ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ሆሳዕናና ወደ ሶዶ ይቀጥላል። በከተማ ያለው ገንዘቡን አወጣ፣ በገጠር ያለው ከገንዘቡም ከጉልበቱም አካፈለ፤ ከአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጋርም ተባብረው ሠሩ። ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ በ1972 እ.ኤ.አ. ለሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የመረመሩት ይህንኑ የዓለም ገናን ማኅበር ነው። አንድ የመንገድ ማኅበር ለዶክትሬት ጥናት የሚበቃ ጉዳይ መሆኑ ራሱ የሥራውን ክብደት ያስረዳል።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ያህሉን ተቀምጦ የሚጓዘው ወጣት ይህን መንገድ የማን አያት ሳንቲም እንዳስጀመረው አያውቅም። ባያውቅ አይፈረድበትም፤ የነገረው የለም።

ከዚያ በፊትስ? የጉራጌ ሕዝብ መንገድን የተማረው ከአዲስ አበባ አይደለም። ጀፎረ አለው። ጀፎረ በመንደሩ መካከል የሚዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው በመስመር ይሠራሉ፣ እንሰቱ ከቤቱ ጀርባ ይተከላል። ሠርግ የሚያልፈው፣ ለቅሶ የሚቀመጠው፣ ሽማግሌ የሚዳኘው፣ ልጅ የሚጫወተው፣ ጥጃ የሚግጠው በጀፎረው ላይ ነው። አንዱ ቤት በእሳት ቢያያዝ ከማዶ ያለው የሚድነው በስፋቱ ነው። የዝናብ ውኃም ሣሩ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይበርዳል፤ አፈሩን ሳያጥብ ይሰርጋል። ይህን የመጨረሻውን ጥቅም ብዙ ሰው አይቆጥረውም፣ የግብርና ባለሙያ ግን አስቀድሞ ሊቆጥረው ይገባል።

ይህን ሜዳ ያስጠበቀው ፖሊስ አልነበረም። በሰባት ቤት ጉራጌ የየጆካ ቂጫ፣ በክስታኔ የጎርደና ሴራ እየተባለ የሚጠራው ባህላዊ ሕግ ነው። የጋራ የሆነውን መሬት ወደ ግል አጥር የሚያስገባ ሰው በሽማግሌ ፊት ይቆማል፤ ጥፋቱን ካላረመ ከመንደሩ ማኅበራዊ ኑሮ እስከ መገለል ሊደርስ ይችላል። ቅጣቱ ከባድ ስለሆነ ሳይሆን፣ ጀፎረው የሁሉም ነው የሚለው እምነት የጸና ስለነበረ ሜዳው ለብዙ ትውልድ ቆየ።

አሁን ግን በብዙ መንደር ጀፎረው እየጠበበ ነው። አጥር በየዓመቱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይመጣል። ከአጥሩ ፊት ደግሞ ባሕር ዛፍ ይተከላል። ባለቤቱን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን አጠና ወደ አዲስ አበባ ተጭኖ ሲሸጥ የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ ይሸፍናል፣ የተቆረጠው ጉቶም መልሶ ያቆጠቁጣል። ገበሬው የሚያሰላው ትክክል ነው። ያላሰላው ዛፉ ከሥሩ ሣር እንደማያበቅል፣ እርጥበቱን ከጎረቤት እንሰት ላይ እንደሚሻማ፣ ሣሩ በጠፋበት ቦታ ደግሞ ጎርፍ ቦይ እንደሚቀድ ነው። የዚህ ቦይ ውኃ ወርዶ የሚያርፈው በጠጠሩ መንገድ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው የጀፎረውና የባጃጁ ጉዳይ አንድ የሚሆነው።

የጉራጌ ተራሮች የውኃ መክፈያ ናቸው። በምሥራቅ የሚወርደው በመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ፣ በምዕራብ የሚወርደው በዋቤ ወደ ጊቤ ይሄዳል። ቁልቁለቱ ከባድ፣ ዝናቡ ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ አገር የጠጠር መንገድ ጠላት መኪና አይደለም፣ ውኃ ነው። የጎን ቦዩ በደለል ሲሞላ ውኃው ወደ መንገዱ መካከል ይወጣል፤ የቱቦው አፍ በቅጠልና በድንጋይ ሲደፈን በላዩ ይሻገራል። ጠጠሩ ይታጠባል፣ ሥሩ ይለሰልሳል፣ የመጀመሪያው ጫት የጫነ አይሱዙ ጎማ ጎድጓዳ መስመር ይሠራል፤ ጫት ደግሞ ውሎ አያድርምና ሾፌሩ መንገዱ እስኪደርቅ አይጠብቅም። በሁለት ክረምት ውስጥ በሚሊዮን ብር የተሠራው መንገድ የእግር መንገድ ይሆናል። በግንቦት ጥቂት ሰዎች በአካፋና በዶማ በአንድ ቀን ሊጠርጉት ይችሉ የነበረው ቦይ፣ በመስከረም ግሬደር የሚጠይቅ ሥራ ሆኖ ይቆያል።

መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብሎ በጀመረው ሥራ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ተነሥቶ ብዙ መንገድ ተከፍቷል። የሚያሳዝነው፣ በአንዳንድ መንደር አዲሱ መንገድ ጀፎረውን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ማለፉ ነው፤ መሐንዲሱ ባዶ ሜዳ አየ፣ ሽማግሌውን አልጠየቀም። ከዚህም የሚከፋው ለመክፈት እንጂ ለመጠበቅ ያልታሰበ መሆኑ ነው። ሪባን የሚቆረጠው ለአዲስ መንገድ ነው፤ ለተጠረገ ቦይ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን እስከ ዛሬ አልታየም።

መንገድ መጠገን የመንግሥት ሥራ ነው፣ ገበሬው ግብሩን ከፍሏል፣ ባለ ባጃጁም ቤንዚን በቀዳ ቁጥር ይከፍላል የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ዋዛ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ሲቋቋም ዓላማው ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ገንዘብ መንገድ እንዲጠገን ነበር። ሌላም እውነት አለ፤ በጎ ፈቃድ ተብሎ በትእዛዝ የሚወጣ ጉልበት ሸክሙ የሚያርፈው በድኻውና በሴቷ ላይ ነው። ሀብታሙ ሰው ይልካል ወይም ገንዘብ ይከፍላል፤ ሴቷ ከእንሰቱም ከውኃውም ከልጁም ተርፋ ድንጋይ ትሸከማለች። ይህን የማያይ ሰው ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ባይናገር ይሻላል።

ነገር ግን ክርክሩ እስከ ጠጠር መድፋትና እስከ ድልድይ ድረስ እንጂ እስከ ቦይ ጠረጋ አይዘልቅም። በዓለም በሀብታቸው ከሚታወቁ አገሮች አንዷ በሆነችው በስዊድን እንኳ የገጠሩ መንገድ አብዛኛው ርዝመት በእጁ ያለው በመንገዱ ዳር የሚኖሩት ባለ ርስቶች ነው፤ ማኅበር መሥርተው ይጠብቁታል፣ መንግሥት ደግሞ ለብዙ ሰው ለሚጠቅመው መንገድ ድጎማ ይሰጣቸዋል። የስዊድን ገበሬ ግብር አልከፈለም የሚል የለም። ቱቦው መደፈኑን ከሚኒስቴሩ ቀድሞ የሚያየው እርሱ ስለሆነ ነው።

ጉልበቱ ደግሞ አሁንም አለ። በየዓመቱ በጥር ወር ገበሬው ለአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ በነፃ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል። ከእነዚህ ቀናት ሁለቱን ብቻ ወደ ግንቦት መጨረሻ አዛውሮ ለጎን ቦይና ለቱቦ ማዋል አዲስ ሸክም አይሆንም፤ የመንገድ ጎርፍን ማስተካከልም አፈር መጠበቅ ነው። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና የመንገድ ጽሕፈት ቤት አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። በክረምት በጎ ፈቃድ የሚሰማሩ ተማሪዎችም ቢሆኑ ግድግዳ ከመቀባት ይልቅ አካፋ ቢይዙ ለወላጆቻቸው ይጠቅማሉ። ችግኝ ሲተክሉ ደግሞ እባካቸው ጀፎረው ላይ አይትከሉ።

የባጃጅ ማኅበራት ድርሻም አለ። በወልቂጤም በቡታጅራም ባጃጅ የብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል፤ ተራ አስከባሪ አላቸው፣ መዋጮ ይሰበስባሉ። የሚሄዱበትን መንገድ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የትኛው ቱቦ እንደተደፈነ፣ የትኛው መታጠፊያ እንደሚያዳልጥ ጠዋትና ማታ ያዩታል። ከመዋጮው ጥቂቱን ለጠጠር ቢመድቡ ለራሳቸው ጎማ መመደብ ነው። በምላሹ ታሪፉን በክረምት አለመጨመር ይጠበቅባቸዋል። ይህ ካልሆነ ገበሬው ቦይ የሚጠርገው ለባለ ባጃጁ ትርፍ ይሆንና በሚቀጥለው ዓመት አይወጣም፤ ባይወጣም እውነት አለው።

በመንገድ ላይ የሚጓዘው ቆጮና በርበሬ ብቻ አለመሆኑንም ማንሣት ያስፈልጋል። ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል በ1969 እ.ኤ.አ. በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተቋቋመ ነው። በግቢው ውስጥ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ አለው፤ የተሠራውም ምጥ ሲመጣ ከተራራ ወርዶ መድረስ ስለማይቻል ነው። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በሆስፒታሉ የወለዱትን እናቶች የመረመረ ጥናት፣ በማረፊያው ቆይተው የወለዱት ከቤት በቀጥታ ከመጡት ይልቅ የሞት አደጋቸው በብዙ እጥፍ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ሁሉም ግን ቤቷን ትታ ለሳምንታት መቆየት አትችልም። ለቀረችው እናት ከቃሬዛው ቀጥሎ ያለው ተስፋ ያ የጠጠር መንገድ ነው።

ቡታጅራ የአዲሱ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች፣ ወልቂጤም የጉራጌ ዞን መቀመጫ እንደሆነች ናት። በሁለቱም ከተሞች ቢሮ ይከፈታል፣ ሰሌዳ ይሰቀላል። ዞን ቢከፈልም ከተራራው የሚወርደው ውኃ አልተከፈለም፤ ወሰን ላይ ያለ ቱቦ የማን ነው እየተባለ እንዳይቀር ከአሁኑ መነጋገር ይገባል።

ለመስቀል ከአዲስ አበባና ከሌላውም አገር የሚመጣው ተወላጅ በየጀፎረው ላይ ሲሰበሰብ መዋጮ መጠየቁ አይቀርም፤ ቃልም ይገባል። እስከ አሁን ቃል የሚገባው ለአስፋልት፣ ለአዳራሽና ለመሳሰለው ነው፤ ስም የሚጻፍበት ሥራ ይወደዳል። በዚህ ዓመት ሽማግሌዎች ሁለት ነገር ቢያስቀድሙ መልካም ነው፤ ጀፎረውን ለክተው ያለፈውን አጥር ወደ ቦታው ማስመለስ፣ ከሚሰበሰበውም ገንዘብ መጀመሪያ ለሲሚንቶ ቱቦ መግዣ ማስቀረት። መኪናው በየት በኩል እንደመጣ፣ የት ላይ ወርዶ እንደገፋ ተጓዡ ራሱ ስለሚያስታውስ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።