«አልወደቅኩም፣ ወልጄ ነው!»

ከአምባ ጊዮርጊስ ልጅ የደረሰኝ ደብዳቤ ሰሞኑን አላስተኛኝም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ጓደኞቿ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊፈተኑ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እሷ አራስ ነበረች። ስሟ ሲጠራ የለችም፤ «ቀሪ» ተባለች። አለቀ! ሰፈሩ ደግሞ «ፈርታ ነው»፣ «ድሮም ሰነፍ ናት» እያለ ያማታል። አሁን አዲስ አበባ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች። እንደገና መፈተን ትፈልጋለች፤ ግን «ለምን ቀረሽ?» ሲሏት መውለዷን መናገር ታፍራለች።

እህቴ፣ «ቀሪ» የሚለው ቃል እኮ መቅረትሽን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ፈተናው ሲሰጥ ጦርነት ባለባቸው አካባቢዎች የነበሩ ተማሪዎችም ቀርተው ነበር። የእነሱ ምክንያት ስለታወቀ ጥር ላይ በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። ጦርነትን አገር ያውቀዋል፤ ያንቺን የሚያውቀው ግን የወለድሽበት ጤና ጣቢያ ካርድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ካርድሽን አስፈልገሽ ማስረጃ አጽፊ። ቀኑና «በሕክምና ምክንያት» የሚለው ይበቃል ባይ ነኝ፤ የልጁ አባት ማን ነው የሚለው መቼም የማንም ጉዳይ አይደለም! ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ከፋይልሽ ጋር እንዲያያይዙልሽ ጠይቂያቸው፣ ኮፒውን አንቺ ያዢ። በግል ተፈታኝነት ስለ መመዝገብም እዚያው ጠይቂ፤ ምዝገባው ከፈተናው ቀድሞ ስለሚዘጋ አትዘናጊ።

ደግሞስ ለፈተናው ሰሞን ልጁን ማን ይይዝልሻል? እሱን አልጻፍሽልኝም።