አለቃውን መያዝና ነገሩን መጨረስ

አንድን የሽፍታ አለቃ ለመያዝ ጦር ሲዘምት፥ ነገሩ ከሥሩ የሚያልቅ ይመስላል። የአገራችን ታሪክ ግን ሌላ ያስተምረናል።

ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በጣራ ገዳም ግርጌ ያልፋል። በዚህ አገር በመሳፍንቱ ዘመን የሠለጠኑት የየጁው ራስ አሊ ነበሩ፤ ከተማቸውም ደብረ ታቦር ነበረች። በቋራ የሸፈተውን ካሣ ኃይሉን ልጃቸውን ተዋበችን ድረው ሊያለዝቡት ሞከሩ፤ እርሱ ግን ተመልሶ ሸፈተ። የራስ አሊ እናት እቴጌ መነን ደጃዝማች ወንድይራድን ላኩበት። ወንድይራድ ካሣን የኮሶ ሻጭ ልጅ ብሎ ፎክሮ ሄደ፤ በተማረከ ጊዜ ካሣ ኮሶ እንዳጠጣው ይነገራል። በ1839 ዓ.ም. እቴጌይቱ ራሳቸው ዘምተው ተማረኩ። በ1845 ዓ.ም. ራስ አሊ አይሻል ላይ ድል ሆኑ፤ በ1847 ዓ.ም. ያ ሽፍታ ዓፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ካሣን ያበረታው ጎራዴው ብቻ አልነበረም። በመሳፍንቱ ጦርነት እህሉን ወታደር የሚበላበት ገበሬ መጠጊያ ይሻ ነበር። ዓፄ ቴዎድሮስም በተራቸው አንዱን ሽፍታ ሲቀጡ ሌላው ይነሣባቸው ጀመር፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ አብዛኛው አገር ከእጃቸው ወጥቶ ነበር።

መንግሥት ጠመንጃ ያነሣበትን ዝም ብሎ ይመልከት አንልም። የምንለው፥ አለቃው ሲፈለግ ሕዝቡ ስለ ምን እንደተከተለውም ይጠየቅ ነው። ጦሩ በሚያልፍበት መንደር የገበሬው ጎተራ ካልተጠበቀ፥ አንዱ ሲያዝ ዐሥሩ ይሸፍታል።