መከራ ማንን መከረ?

«ምክር ያልመከረውን መከራ ይመክረዋል» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። አባባሉ ጨርሶ ሐሰት ነው ባይባልም፣ ከሚገባው በላይ አምነነው እንገኛለን። አንድ ሰው በድኽነት አድጎ፣ በበሽታ ተሠቃይቶ ወይም ግፍ ተፈጽሞበት ኋላ ለወገኑ መድኅን የሆነ እንደ ሆነ፣ «ለዚህ ያበቃው መከራው ነው» እንላለን፤ መከራውንም እንደ መምህር፣ አንዳንዴም እንደ ባለውለታ ቆጥረን እናመሰግነዋለን። እኔ በዚህ አሳብ አልስማማም። አንባብያን ሆይ፣ ምክንያቴን ሰምታችሁ እናንተው ፍረዱ።

መከራ ለብቻው ሲተው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተምረው ራሱን መድገምን ነው። በአለንጋ እየተገረፈ ሙያ የለመደ ልጅ፣ አድጎ ባለሙያ ሲሆን ለማጁን በዚያው አለንጋ ይገርፋል። በአማቷ እጅ ስትንገላታ የኖረች ምራት፣ ዘመን ተለውጦ እርሷም አማት ስትሆን የልጇን ሚስት ታንገላታለች። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የሴት ልጅ ግርዛት ነገር ነው። ልጅቱን ወደ ገራዧ የሚወስዷት፣ እግሯን አጥብቀው የሚይዟት፣ ቁስሏንም የሚያጥቡላት በልጅነታቸው ያንኑ ምላጭ የቀመሱ እናቶችና አያቶች ናቸው። ሕመሙን ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቀው የለም። ይህንም የሚያደርጉት ከጭካኔ የተነሣ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም ተብሎ በሚታመንበት አገር፣ እናት ልጇን ከምላጩ ብታድናት ትዳር የነሣቻት ይመስላታል። መከራው እያንዳንዷን ሴት መክሯት ነበር፤ ምክሩ ግን «እኔ እንደ ቻልሁት አንቺም ቻይው» የሚል ሆነ።

እንግዲህ ይህን ሰንሰለት የሚበጥስ ሰው ሲገኝ፣ የሥቃዩን ብዛት ከመቁጠር ይልቅ ከሥቃዩ በኋላ ያደረገውን መመርመር ይሻላል። ለዚህም ዶክተር ቦጋለች ገብሬን ምሳሌ አድርጌ እጠቅሳለሁ።

ዶክተር ቦጋለች የተወለዱት በከምባታ፣ ዛቶ በምትባል መንደር ነው። ሴት ልጅ ለውኃና ለእንጨት እንጂ ለፊደል በማትታሰብበት በዚያ ዘመን፣ ውኃ ልቀዳ ብለው ከቤት እየወጡ በድብቅ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። ዕድሜያቸው 12 ዓመት ገደማ ሲሆን እንደ መንደሩ ልጆች ሁሉ ተገረዙ፤ ደማቸው አልቆም ብሎም ለሞት ተቃርበው ተረፉ። አንዲት እኅታቸውን ደግሞ ወሊድ ነጠቃቸው። ትምህርታቸውን ግን አልተዉም፤ በአዲስ አበባ፣ ከዚያም በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ በፉልብራይት የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በዚያም ሳሉ ማራቶን እየሮጡ በሚያሰባስቡት ገንዘብ ለኢትዮጵያ መጻሕፍት ይልኩ ነበር። በዚያው ቢቀሩ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር፤ ብዙዎች ቀርተዋልና። እርሳቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ተገረዙበት አገር ተመልሰው፣ ከእኅታቸው ጋር የከምባታ ሴቶችን በአንድነት የሚያቆም ድርጅት መሠረቱ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ከሕይወት ታሪካቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። ዶክተር ቦጋለች የመጡት ስለ ሴቶች ጤና፣ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ግርዛት ለመናገር ነበር። ሕዝቡ ግን የሚያሳስበው ሌላ ነገር እንደ ሆነ ነገራቸው፤ ድልድይ የለንም አላቸው። ወንዙ ልጆችን ከትምህርት ቤት፣ ነጋዴውንም ከገበያ ይለያል። ከሩቅ አገር የተማረ ሰው በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን፤ «እኔ ስለ ሰው ሕይወት ስናገር እናንተ ስለ መንገድ ታወራላችሁ» ብሎ ይቆጣል፣ ወይም ሕዝቡ አልገባውም ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። እርሳቸው ንግግሩን አቆይተው ድልድዩን ከሕዝቡ ጋር አሠሩ። ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎቹም ወደ ገበያ ከተሻገሩ በኋላ፣ ሕዝቡ ጆሮውን ሰጣቸው።

ይህ መደለያ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አይመስለኝም። አንድን ሕዝብ ለሴት ልጁ ትዳር ዋስትና ነው ብሎ የያዘውን ልማድ ጣል የሚል ሰው፣ አስቀድሞ ከዚያ ሕዝብ ጋር አንድ ሸክም ተሸክሞ መታየት አለበት። አለዚያ ቃሉ የእንግዳ ቃል ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ የመጣው ውይይት ነው። ሽማግሌዎች፣ ወጣቶች፣ ወንዶችና ሴቶች በየጊዜው በአንድነት እየተቀመጡ፣ ወትሮ በአደባባይ የማይነሣውን ጉዳይ ማንሣት ጀመሩ። በብዙ ቦታ ሴት ከወንድ ጋር ተቀምጣ ስለ ሰውነቷ መናገሯ ብቻውን እንግዳ ነገር ነበር። ውሳኔውም ከነዋሪዎቹ አፍ እንዲወጣ ይጠበቃል እንጂ ከውጭ አይታዘዝም። የትዳሩ ፍርሃት ደግሞ በንግግር ብቻ የሚፈርስ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በይፋ፣ በብዙ ሕዝብ ፊት ተዳረች። ሙሽራውም እንዲህ ያለች ሚስት በማግባቱ መደሰቱን በአደባባይ ገለጸ። ከዚህ በኋላ «ማን ያገባታል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2008 በተደረገ ጥናት፣ በአካባቢው ቀድሞ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ይደገፍ የነበረውን ግርዛት የሚደግፈው ሰው ከመቶ 5 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዶክተር ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 ዐረፉ።

የድፍረታቸውን ዓይነት ልብ በሉ። የደረሰባቸውን በደል መናገራቸው በራሱ ቀላል አልነበረም፤ ከዚያ የሚከብደው ግን ከምላጩ ባለቤቶች ጋር አብሮ መቀመጥ ነው። ገራዧ ጎረቤት ናት፣ የያዙት እጆች የዘመድ እጆች ናቸው። እነዚህን ሰዎች ጠላት ሳያደርጉ ሥራቸውን መቃወም፣ ቂምን ሳይሸሽጉ በቂም አለመመራት፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ ጀግንነት አይደለም። ሕግም ቢሆን ብቻውን ይህን አያደርግም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ግርዛትን በቅጣት ከልክሏል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች መካከል ከመቶ 65ቱ የተገረዙ መሆናቸው ታውቋል።

ይህን ስል ግን መከራ የደረሰበት ሰው ሁሉ አገልጋይ የመሆን ዕዳ አለበት ማለቴ አይደለም። ቁስሏን ይዛ ዝም ብላ የምትኖር ሴት ከማንም አላነሰችም፤ «አንቺም እንደ እገሊት ሁኚ» እያሉ መነዝነዝ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። አገልግሎት ከውስጥ ፈቅዶ የሚወጣ ነገር ነው።

ደግሞም «እርሳቸው የተማሩ ናቸው፤ ያልተማረ ሰውስ?» ትሉ ይሆናል። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አዲስ አበባው ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሲመጡ ገና ፊደል ያልቆጠሩ ወጣት ነበሩ። ለቀናት በቆየ ምጥ ልጃቸው ሞቶ፣ ፊስቱላ ይዟቸው ነበር። ምጥ ሲረዝም የሕፃኑ ራስ የፊኛውን ግድግዳ ተጭኖ የደም መተላለፊያውን ያግዳል፤ ሥጋው ሞቶ ሲቀደድም ሽንት ሌሊትና ቀን ይፈስሳል፤ ሴቲቱም በሽታው ካመጣባት ጠረን የተነሣ ከሰው ትርቃለች። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጅናልድ ሐምሊን አከሟቸው። ከዳኑ በኋላ ወደ አገራቸው በመመለስ ፈንታ በዚያው ቀርተው የሕሙማንን አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ቀጥሎ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ መሣሪያ ያቀብሉ ነበር፤ እያዩም ተማሩ፤ በመጨረሻ ቢላዋውን ራሳቸው ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1989 በለንደን የንጉሣዊው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሐምሊን ባልና ሚስት ጋር የወርቅ ሜዳልያ ሸለማቸው። በሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁት ወይዘሮ ማሚቱ፣ ዲግሪ ይዘው ለሚመጡ ሐኪሞች የፊስቱላን ቀዳዳ እንዴት እንደሚደፍኑ በእጃቸው እያሳዩ አስተምረዋል።